ሊንከንን ያወደሰው ሙዚቃ እና ያልተነበበው ገጽ

ጥር 1953 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጄኔራል አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ነው፤ ሪፐብሊካኖች ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ዋይት ሃውስ ሊመለሱ ነው። ለበዓለ ሲመቱ ኮንሰርት ከተመረጡት ሥራዎች አንዱ የፓርቲውን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የሚያወድስ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነበር። ለዚያ ቀን ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ትላላችሁ? ኮንሰርቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ፍሬድ በስቢ የተባለ የኮንግረስ አባል፣ ያውም ሪፐብሊካን፣ ያውም የሊንከን አገር የኢሊኖይ ተወካይ፣ ተቃውሞ አነሳ። ጠቡ ከሊንከን ጋር አልነበረም። የሙዚቃው ደራሲ አሮን ኮፕላንድ ከኮሚኒስቶች ጋር ይነካካል ነው ያለው። ሙዚቃው ከፕሮግራሙ ተሰረዘ።

ኮፕላንድ ከምሥራቅ አውሮፓ በፈለሱ አይሁዳውያን ቤት ብሩክሊን ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት የማካርቲ ንዑስ ኮሚቴ በዝግ ስብሰባ ጠርቶ መረመረው። ኮሚኒስት ሆኜ አላውቅም አለ፤ ክስም አልተመሠረተበትም። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ሸለሙት። አሥራ አንድ ዓመት ብቻ!

«የሊንከን ምስል» የተሰኘው ይህ ሥራ የጦርነት ልጅ ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ የኦርኬስትራ መሪው አንድሬ ኮስተላኔትዝ የሕዝቡን መንፈስ የሚያነሣሣ ሙዚቃ እንዲጽፉ ሦስት ደራሲዎችን ጠየቀ። ኮፕላንድ በመጀመሪያ ያሰበው ባለቅኔውን ዋልት ዊትማንን ነበር። ሌላው ደራሲ ማርክ ትዌይንን ስለመረጠ ግን «አንተ የአገር መሪ ውሰድ» ተባለ፤ እሱም ሊንከንን ወሰደ። ግንቦት 14 ቀን 1942 በሲንሲናቲ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ኦርኬስትራው ብዙውን መንገድ ብቻውን ከሄደ በኋላ አንድ ተራኪ ተነሥቶ የሊንከንን ቃል ያነባል። ሙዚቃው ዝግ ብሎ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ እንደሚነጋ ጠዋት ይጀምራል፤ መሐል ላይ በዘመኑ የነበሩ የሕዝብ ዜማዎች ብቅ ይላሉ። የመጨረሻው ንባብ የጌቲስበርግ ንግግር መደምደሚያ ነው። እዚያ ላይ ናሱ ሲነሣ ፀጉሩ የማይቆምበት ሰው አላየሁም፤ እኔም ከነጥርጣሬዬ ይቆማል።

ጥርጣሬዬን ልንገራችሁ። ተራኪው ቀድሞ የሚያነበው ሊንከን ታኅሣሥ 1 ቀን 1862 ለኮንግረስ ከላከው ዓመታዊ መልእክት ነው። ከታሪክ ፍርድ ማምለጥ አይቻልም የሚለው ዝነኛ ሐሳብ ያለው እዚያ ነው። መልእክቱን ሙሉውን ያነበበ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ሊንከን በዚያው ሰነድ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ይጠይቃል፤ ባርነትን እስከ 1900 ድረስ ለሚያስቀሩ ግዛቶች ካሳ እንዲከፈል፣ ነጻ የወጡ ጥቁሮችም ፈቃደኛ ከሆኑ ከአገር ውጭ እንዲሰፍሩ ኮንግረስ ገንዘብ እንዲመድብ። ልብ በሉ፣ ካሳው ለባሪያው አይደለም፤ ለጌታው ወገን ነው። የሰፈራው ሐሳብም ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1863 ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ሄይቲ አጠገብ ወዳለች ኢል አ ቫሽ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱ። በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፤ የተረፉትን በዓመቱ መርከብ ልኮ መመለስ ግድ ሆነ።

ሙዚቃው ውስጥ በ1858 አልተን ከተማ ላይ ከዳግላስ ጋር ከተከራከረውም ተነቧል፤ ባርነት የትክክልና የስሕተት ጥያቄ ነው የሚለው ክፍል። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ቀድሞ፣ መስከረም 18 ቻርልስተን ላይ፣ ነጭና ጥቁር በማኅበራዊና በፖለቲካ መብት እኩል እንዲሆኑ አልደግፍም ብሎ ነበር። ይሄኛው አልተነበበም።

ታዲያ ሙዚቃው ይዋሻል? በዚህ ጥያቄ የአሜሪካ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይነታረካሉ። ጋዜጠኛው ሌሮን ቤኔት በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ሊንከን በግድ ወደ ክብር የተገፋ ሰው ነው ብሎ ተከራከረ። ሌሎች ደግሞ ሰውየውን በመጨረሻው እንመዝነው ይላሉ። ሚያዝያ 11 ቀን 1865 ባደረገው ንግግር ቢያንስ ወታደር ሆነው የተዋጉና የተማሩ ጥቁር ወንዶች ድምፅ ቢሰጡ እመርጣለሁ አለ። ከአድማጮቹ መካከል ጆን ዊልክስ ቡዝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተኮሰበት።

እኔ የምጠጋው ወደ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ያ ተከራካሪው ሳይሆን ከባርነት አምልጦ የወጣው። ሚያዝያ 14 ቀን 1876 ዋሽንግተን ውስጥ የሊንከን ሐውልት ሲመረቅ፣ ፕሬዚዳንት ግራንት ፊቱ ተቀምጠው፣ ሊንከን ከሁሉ በፊት የነጮች ፕሬዚዳንት ነበር፤ እኛ የእንጀራ ልጆቹ ነን አለ። ሐውልቱን ያሠራው ደግሞ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ያዋጡት ገንዘብ ነው፤ የመጀመሪያዋን አምስት ዶላር የሰጠችው ሻርሎት ስኮት የምትባል ሴት ናት። ዳግላስ ግን እዚያ አላቆመም። ባርነት ዛሬውኑ ይጥፋ በሚሉት ዓይን ሲታይ ቀርፋፋና ቀዝቃዛ ነበር፤ በአገሩ ሕዝብ ስሜት ሲመዘን ግን ፈጣንና ቆራጥ ነበር አለ። ሁለቱንም በአንድ ንግግር፣ በምርቃት ቀን። ጥቁሩን ሰው ከሊንከን እግር ሥር ያንበረከከው የዚያ ሐውልት ቅጂ በታኅሣሥ 2020 ከቦስተን አደባባይ ተነሥቷል።

ኦርኬስትራ እንዲህ ያለ «ግን» አይችልም። ናስና ከበሮ አንድ ስሜት ይዘው ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ስለዚህ ሙዚቃው አይሰማ የሚሉትን አልደግፍም፤ አዳራሹ በር ላይ የሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት ግን የ1862ቱን መልእክት ሌላውን ገጽም ቢያትም ደስ ይለኛል። እኛ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መዝሙሩንም አብረን ስለምንለውጥ ይህ ሳይገርመን አይቀርም።

በዋሽንግተን የሊንከን መታሰቢያ በ1922 ሲመረቅ ጥቁር እንግዶች ተለይተው ነበር የተቀመጡት። በ1939 የፋሲካ እሑድ ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን፣ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ትልቁ አዳራሽ ሲዘጋባት፣ እዚያው ደረጃ ላይ ቆማ 75,000 ለሚሆን ሰው ዘፈነች፤ ነጭና ጥቁሩ ተቀላቅሎ ነበር የቆመው። ከዘፈን መድረክ ከተሰናበተች በኋላ ደግሞ «የሊንከን ምስል» ሲቀርብ ተራኪ ሆና የሊንከንን ቃል አነበበች።