ከደብረ ምጥማቅ እስከ ዋሽንግተን

አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ብለው ሲያስተምሩ፣ ከእስክንድርያ መንበር የመጡት ጳጳስ አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው አገራቸውን ለቀው በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው አርመን ድረስ ተሰደዱ፤ እዚያው አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተበተኑም። ክህነት ቢከለከሉና ከአብያተ ክርስቲያናት ቢባረሩም፣ በሰሜን ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት መሥርተው በጸሎትም በእርሻም ራሳቸውን ቻሉ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ቀን ምክንያት ሁለት ሆና ኖረች።

ዐፄ ቀዳማዊ ዳዊት በ1392 ዓ.ም. የደቀ መዛሙርቱን መሪዎች አስጠርተው ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ጋር አከራከሯቸው። መነኮሳቱ አንለቅም አሉ፤ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስና ባልንጀሮቻቸው ታሰሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሡ ፈቷቸው፣ ቅዳሜንም እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ይህች እርምጃ በታሪካችን ከሚገባት በታች የተወራላት ይመስለኛል። ማን ልክ እንደሆነ ገና አልተወሰነም ነበር። እስር ቤቱ ተከፈተ፣ እነዚያም ሰዎች ያለ ፍርሃት ወደ ገዳማቸው ተመለሱ። ሰው ታስሮ እያለ እርቅ አይወራም፤ ቢወራም የታሰረው አያምነውም።

ከዚያም ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። በርተሎሜዎስ አረፉ፤ ከግብፅ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለት ሆነው መጡ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት፣ ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ። ጳጳሳቱ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተስማሙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው፣ ለዓመታት ተለይተውት የኖሩትን ክህነት ከእነዚሁ ጳጳሳት እጅ ለመቀበል ተስማሙ። እኔ በዚህ ጉባኤ የምደነቀው በዚህ ልውውጥ ነው። መነኮሳቱ ሰንበታቸውን ይዘው ወደ ቢዘን ሲወርዱ፣ ጳጳሳቱም ያለ እነርሱ እጅ ካህን እንደማይኖር አረጋግጠው ቀሩ። ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ነገር ግን ዘርዐ ያዕቆብን እንደ ፍጹም አስታራቂ አድርጎ መሣል እውነትን መደበቅ ነው። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለንጉሡ፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ባሉ ጊዜ የገጠማቸው እስራት፣ ግርፋትና ስደት ነበር። ያን ያህል ተቀጥተውም አልጠፉም፤ ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ዛሬም የሚመሰገንባቸውን የብራና መጻሕፍት እየጻፉ ዘለቁ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የታየው ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዓት የተነሣው ክርክር ተዋሕዶ፣ ቅባትና ሦስት ልደት የተባሉትን ወገኖች አገር ለአገር ከፍሏቸው ነበር። ካሣ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር በአምባ ጫራ ተዋሕዶን አሳወጁ። አዋጁ ግን ነገሩን አልዘጋውም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ምኒልክን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ አስነብበው፣ በወሎ ቦሩ ሜዳ ያንኑ ውሳኔ እንደገና መስጠት ግድ ሆነባቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ የቆመችበት ትምህርት እዚያ መጽናቱን አልክድም፤ ደስም ይለኛል። ቢሆንም የተሸነፈው ወገን ይዞት የሚሄድ ነገር አልተሰጠውም። የቅባት ነገር በጎጃም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ መነሣቱ ከዚህ የተለየ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

የእኛን ዘመን መከፋፈል የሃይማኖት ልዩነት አላመጣውም። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ሲለዩና በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሲሾሙ፣ ጸሎቱም ቅዳሴውም አንድ እንደሆነ ሲኖዶሱ ሁለት ሆነ፤ አንዱ በአገር ቤት፣ ሌላው በስደት። መዘዙ በብዛት የወደቀው በውጭ ባሉ አጥቢያዎች ላይ ነው። አንዱ የአገር ቤቱን ሲኖዶስ ስም ይጠራ፣ ሌላው የስደተኛውን፣ ሦስተኛው ገለልተኛ ነኝ ይል ነበር። ክርስትና የሚያስነሣ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያኑ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር፤ በእናቱ ፍትሐት ላይ ከወንድሙ ጋር ያልቆመም አለ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በሁለቱ ሲኖዶሶች መካከል በዋሽንግተን የተደረሰው ስምምነት ከቦሩ ሜዳ ይልቅ ለደብረ ምጥማቅ ይቀርባል። ሁለቱ ወገኖች የተወጋገዙበት ውግዘት ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ ከአቡነ ጳውሎስ በኋላ የተሾሙት አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲቀጥሉ፣ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲጠራ ተወሰነ። አቡነ መርቆሬዎስ ከሃያ ዓመት በላይ ከዘለቀ ስደት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

አባቶች ታረቁ ማለት ግን አጥቢያው ታረቀ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ብዙ አጥቢያዎች የሚተዳደሩት በቦርድ ነው፤ ምእመናኑ ከደመወዛቸው ቆርጠው የገዙት ሕንፃም በማኅበሩ ስም የተመዘገበ ነው። ካህናቱ ቦርዱ ሥልጣነ ክህነትን ነጠቀን ይላሉ፤ ቦርዱ ደግሞ ንብረታችን ከእጃችን ሊወጣ ነው ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለበት። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበትን ሰበካ ጉባኤ ሠርቷል፤ ሽማግሌዎች ከዚያ ቢነሡ ደስ ይለኛል። ሕንፃው ሳይነካ በምእመናኑ ስም ይቆይ፤ ሒሳቡ በየዓመቱ በሁሉም ፊት ይነበብ፤ የካህን ሹመትና ዝውውር ደግሞ ለሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ይተው። የተጀመረ ክስ ካለም፣ ውይይቱ ከመከፈቱ በፊት ከፍርድ ቤት ይነሣ።