ሰው የሌለበት ዱር

ልጆች በባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ሰማይ ቀብተው፣ ሣርና ጠጠር ለጥፈው፣ ከጭቃ ያበጁትን አውሬ የሚያቆሙበት ሥራ ዲዮራማ ይባላል። ስሙ የመጣው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1822 ፓሪስ ውስጥ ከከፈተው የሥዕልና የብርሃን ትርኢት ነው፤ ያኔ ከእንስሳ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም። የእንስሳ ዲዮራማ የተወለደው የኋላ ኋላ ሙዚየሞች አንድ ጥያቄ ሲያነሱ ነው፦ ይህ አውሬ የሚኖረው የት ነው? በእኔ አስተያየት ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱም እስከ ካርቶኑ ድረስ ወርዷል።

ቀድሞ አውሬዎች በየዘራቸው ተደርድረው፣ ቆዳቸው ገለባ ተጠቅጥቆበት ይቆሙ ነበር። ካርል ኤክሊ በ1890 ሚልዋኪ ውስጥ ጥቂት የረግረግ እንስሳትን ከነጎጇቸው፣ ከነውኃቸውና ከነሣራቸው አሳየ። ጉስታፍ ኮልቶፍም በ1893 ስቶክሆልም ውስጥ ሙሉ ሙዚየም በዚሁ መንገድ ሠራ፤ የጀርባውን ሥዕል ብሩኖ ሊልየፎሽ አግዞታል። ኤክሊ ገለባውን ትቶ የአውሬውን ጡንቻ በሸክላ ጭቃ እየቀረጸ፣ ከዚያ ቅርጽ አውጥቶ ቆዳውን ያለብስ ጀመር። በእንዲህ ያለ ዲዮራማ የጀርባው ግድግዳ ጎባጣ ስለሆነ ማዕዘን አይታይም፤ ሰው ሠራሽ ቅጠሉ የት አብቅቶ ሥዕሉ የት እንደጀመረ ዓይን አይለይም። በስሙ የተጠራው የኒው ዮርክ ሙዚየም አዳራሽ እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ ተከፈተ፤ እንዲህ ያሉ 28 መስኮቶች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ የኛን ደጋ አጋዘን ይዟል።

ይህ ሁሉ በግድያ የተገኘ ነው የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነት ነው። ኤክሊ በ1921 ጎሪላዎችን ተኩሶ ገድሏል። ነገር ግን ከዚያ ጉዞ መልስ ለነሱ ከለላ እንዲደረግ የወተወተውም እሱው ነው፤ የቤልጂግ ንጉሥ አልበርት በ1925 በኮንጎ የጎሪላዎቹን መጠበቂያ ፓርክ አቋቋሙ። የኔ ቅሬታ ከጥይቱ በኋላ ባለው ላይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ እረኛ የለም፣ ከብት የለም፣ የእግር መንገድ የለም። ይኸው ዓይን ከአዳራሹ ወጥቶ መሬት ላይም ሠርቷል፤ ያ ፓርክ ሲሰፋ ነዋሪዎች ከርስታቸው ተነቅለዋል። ሥዕሉ አፈናቀላቸው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ግን የሚፈልጉት ዱር አንድ ዓይነት ነበር።

ሰው ከገባበትማ የእንስሳ መኖሪያ መሆኑ ቀረ የሚል ካለ መንዝን ይመልከት። እዚያ ጓሳ በሚባለው ቦታ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው። ሣሩን ለዓመታት ከልክለው፣ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱታል። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጥበቃው ላልቶ ነበር፤ ኋላ የአካባቢው ሰዎች በኮሚቴ ተደራጅተው መለሱት። እንግዲህ የጭላዳን ቤት በካርቶን የሚሠራ ልጅ ገበሬውን ቢያስቀረው የሣሩን ምክንያት ያስቀረዋል።

ፊልም እያለ ካርቶን ምን ያደርጋል ለሚሉም መልስ አለኝ። ፊልም ካሜራው የመረጠውን ያሳያል፤ ተመልካቹ ከምስሉ ዳር ውጭ ማን እንደቆመ እንዲያስብ አይገደድም። ካርቶን የያዘ ልጅ ግን እያንዳንዱን ነገር ራሱ ማስቀመጥ ስላለበት፣ ከጭላዳው እግር ሥር ምን አለ፣ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ከብቶቹ በየት በኩል ያልፋሉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የኒው ዮርኩ ሠዓሊ ለሥራው ብዙ ገንዘብና መስታወት ነበረው፤ ልጁ ያለው ሙጫና መቀስ ነው፤ እረኛ ቀርጾ ማቆም ግን ለሱ ከሁሉም ይቀላል።