«የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ» — ዋትሳፕና ቴሌግራም እንዴት ይጠለፋሉ? እንዴትስ እንጠብቃቸው?

ስለ ስልክ ጠለፋ በቪዲዮ ያወራነውን «በጽሑፍ አስቀምጥልን፣ ለእናቴም ላነብላት ነው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ይኸው። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ የኮምፒውተር ምሩቅ አይደለሁም። ይሄ ጉዳይ ግን ዲግሪ አይፈልግም፤ አሠራሩን አንዴ መረዳት ብቻ ነው።

ጠለፋው እንዴት ይሠራል?

ዋትሳፕ የሚያውቃችሁ በስልክ ቁጥራችሁ ነው። አንድ ሰው የትም ሀገር ቁጭ ብሎ የእናንተን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ቢያስገባ፣ ዋትሳፕ ባለቤቱን ለማረጋገጥ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚመጣው ግን ወደ እናንተ ስልክ ነው። ሌባው የጎደለው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይጠይቃችኋል።

የሚጠይቃችሁ በማታውቁት ስም አይደለም። ቀድሞ በጠለፈው በአክስታችሁ ልጅ አካውንት፣ በእሷ ፎቶ፣ «በስህተት ወደ አንቺ ስልክ የሄደ ኮድ አለ፣ ቶሎ ላኪልኝ የኔ ቆንጆ» ብሎ ነው። ላካችሁ ማለት የቤታችሁን ቁልፍ ሰጣችሁ ማለት ነው። እናንተ ትወጣላችሁ፣ እሱ ይገባል።

ሌላው መንገድ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ነው። ሊንኩ ቁጥራችሁን፣ ቀጥሎ የመጣውን ኮድ አስገቡ ይላል። ድምፅ የሰጣችሁ ይመስላችኋል፤ የሰጣችሁት ግን አካውንታችሁን ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ የከፋ ነገር አለ። ሌባው ሲገባ እናንተ ላትወጡ ትችላላችሁ፤ አብራችሁ ትጠቀማላችሁ፣ እሱ ዝም ብሎ ያነባል። የቴሌግራም ተራ መልእክት የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ የገባ ሰው የድሮውን ሁሉ ያገኛል፦ ለጉዳይ አስፈጻሚ የላካችሁትን የፓስፖርት ፎቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የባንክ ደብተር። እንዲህ ያለ ነገር ከላካችሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ከሁለታችሁም በኩል አጥፉት።

ገንዘቡ ጋ እንዴት ይደርሳል?

አካውንቱ መንገድ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የእቁብ ዳኛው ስልክ ቢጠለፍ አስቡት። ሌባው ግሩፑ ውስጥ ገብቶ «የዚህን ወር በዚህ ቁጥር አስገቡ» ቢል ማን ይጠረጥራል? እናት ሀገር ቤት ሆና «ልጄ ተቸግሯል» ብላ በቴሌብር ትልካለች። አሜሪካ ያለው በዜል ይልካል። ወዲያው ይገባል፣ ከገባ በኋላ መመለሱ ግን ጭንቅ ነው።

ሕጉ አንድ ይሁን፦ በጽሑፍ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ፣ በዚያው አፕ ሳይሆን በመደበኛ ስልክ ደውሉ። ዛሬ ድምፅም በኮምፒውተር ይቀዳል። ስለዚህ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ። «አያታችን በቤት ስም ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?» ይህን የማይመልስ ሰው ብር አይላክለትም።

«እኔን ማን ይሰልለኛል?»

አንዳንዶቻችን እንዲህ እንላለን። የተመዘገበውን ልንገራችሁ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ አሳይቷል። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ይፋ አደረገ። አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ «ኪዳኔ» በሚል የተሸፈነ ስም፣ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ስላለው ክሱን ማየት አንችልም አለ። ፍርድ ቤት ካላዳነን፣ ራሳችንን መጠበቅ የኛው ሥራ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ የኪዳኔ ኮምፒውተር የተያዘው ከኢሜይል ጋር በመጣ ፋይል ነው። በ2017ቱም ማጥመጃው «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አፕዴት አድርጉ» የሚል ሐሰተኛ ገጽ ነበር። ሰላይም ሌባም የሚገባው በአንድ በር ነው፤ በሩን የምንከፍተው እኛው ነን።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

1ኛ፦ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግ፣ አካውንት፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፤ የራሳችሁን 6 ቁጥር ታወጣላችሁ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው፤ ፓስወርድ ታስገባላችሁ። ኢሜይላችሁንም መዝግቡ። ከዚህ በኋላ ኮዱ በሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ብቻውን አይከፍትም። የልደት ዓመት ግን አታድርጉ።

2ኛ፦ ማን አብሯችሁ እንዳለ እዩ። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ»፣ ዋትሳፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት።

3ኛ፦ ስልካችሁ ተቆልፎ ሳለ መልእክት እንዳያሳይ አድርጉ። የኋላ ወንበር ላይ የተረሳ ስልክ ባለቤቱ እስኪደውል ድረስ ስንት ነገር እንደሚያሳይ ታክሲ ነጂ ያውቃል። ኮዱም ሳይከፈት ይነበባል። በአሠሪ እጅ ወይም በጥገና ቤት ለሚቆይ ስልክም ያው ነው።

4ኛ፦ ቁጥር ከመተዋችሁ በፊት አካውንታችሁን ወደ አዲሱ ቁጥር አዛውሩ። ከአረብ ሀገር የሚመለሱ እህቶቻችን፣ ከአሜሪካ ጠቅልለው የሚገቡ ወንድሞቻችን ይህን ይረሱታል። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ ቁጥር ከ45 ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ሰው ክፉ ባይሆንም የባንካችሁ ኮድ እሱ ጋ ይሄዳል።

5ኛ፦ ለስልክ ኩባንያችሁ ደውላችሁ «ቁጥሬ ያለኔ ፈቃድ ወደ ሌላ ሲም እንዳይዛወር ቆልፉልኝ» በሉ።

ከተጠለፋችሁስ?

ዋትሳፕ ከሆነ ወዲያው በቁጥራችሁ እንደገና ግቡና የሚመጣውን ኮድ አስገቡ፤ ሌባው ይወጣል። የራሱን 6 ቁጥር አስገብቶ ከቆለፈባችሁ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ግን ከወጣ ወጥቷል። ቴሌግራም ከሆነ ፍጠኑ፦ አዲስ የገባ ሰው የእናንተን ስልክ ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ«ዲቫይስስ» ሌሎቹን ሁሉ አስወጡና ፓስወርድ አብሩ። ከዚያ በየግሩፑ «ተጠልፌ ነበር፣ ብር እንዳትልኩ» ብላችሁ ንገሩ። አታፍሩ፤ ዝም ብትሉ የሚጎዳው የሚያምናችሁ ሰው ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ስትደውሉ አንዲት ነገር ብቻ ንገሯት፦ «እማ፣ ኮድ የሚጠይቅሽ እኔ ራሴ ብሆን እንኳ አትስጪ።» ጽሑፉን ለእቁባችሁም ለእድራችሁም አካፍሉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።