ቁናና ኪሎ፤ የአባቶቻችን የአቈጣጠር ቃላት

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፥ የታሪክ ክበብ አባላት የሆንን ተማሪዎች ስለ ቁጥር ለመጻፍ ተነሣን። የምንጽፈው ግን ስለ ሒሳብ አይደለም፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ስለሚመጣው ቃል ነው።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት የሚከተለው ነው። በሰፈራችን በለቡ በኩል የሚያልፈውን የጅቡቲ ባቡር መስመር ቻይናውያን ሠርተውት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለ ቋንቋቸው ስንጠይቅና ስናነብ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘን። ቻይናዊ «ሦስት መጽሐፍ» ለማለት ሲፈልግ በቁጥሩና በስሙ መካከል ሌላ ቃል ማስገባት ግዴታው ነው። ለመጽሐፍ «በን»፥ እንደ ወረቀት ለተዘረጋ ነገር «ጃንግ»፥ እንደ ወንዝ ለረዘመ ነገር «ትያኦ» ይላል። በሬን ሲቈጥር «ቶው»፥ ማለት ራስ፥ የቤተ ሰብን ቁጥር ሲናገር «ኮው»፥ ማለት አፍ፥ ይላል። ከዛሬ 3000 ዓመት ገደማ በፊት፥ በሻንግ ነገሥታት ዘመን በአጥንት ላይ በተቀረጹት ጽሑፎች እንኳ ፈረስና ዛጎል በየራሳቸው ቃል ተቈጥረው ይገኛሉ።

እኛስ? በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ» ማለት ይበቃል። ይሁን እንጂ ወደ ገበያና ወደ ማጀት ስንገባ የአባቶቻችንም ቋንቋ ለየነገሩ የየራሱን ቃል እንዳዘጋጀ እናያለን። አንድ ራስ ሽንኩርት፥ ሁለት እስር ጎመን፥ አንድ ሉክ ወረቀት፥ አንድ ጣቃ አቡጀዲ፥ አንድ ነዶ ጤፍ፥ አንድ ዘለላ እንባ እንላለን። እነዚህን ቃላት ማለዋወጥ አይቻልም፤ አንድ ነዶ ሽንኩርት የሚል ሰው ይሣቅበታል።

ከእነዚህም ቃላት ብዙዎቹ ታሪክ የያዙ ናቸው። አሞሌ የጨው መቍጠሪያ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ ነው። ወቄት የወርቅ መመዘኛ ሲሆን ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር የተቀራረበ፥ ማለት 28 ግራም ያህል ነበር። ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። ጥማድ ደግሞ የተጠመዱት ሁለት በሬዎችም፥ እነርሱ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬትም ስም ነው። የመሬቱ ልክ የወጣው ከበሬውና ከገበሬው ድካም ነው ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ገጠር በሄደ ጊዜ አያቱ «ስምንት ጥማድ አለኝ» ቢሉት፥ አሥራ ስድስት በሬ ያላቸው መስሎት ለጓደኞቹ አወራ። አያቱ ግን የተናገሩት ስለ መሬታቸው ነበረ፤ በሬያቸው ሁለት ብቻ ነው። እኛም በነገሩ ከሣቅን በኋላ፥ ከመካከላችን ቃሉን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት መሆኑን ባየን ጊዜ አፈርን።

ሆኖም የቀድሞውን ነገር ሁሉ ማመስገን የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም። የኢትዮጵያን መለኪያዎች ታሪክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሳዩት፥ መለኪያው ከአገር አገር ይለያይ ነበር። የአንዱ አውራጃ ቁና ከሌላው ቁና አይተካከልም። ገበሬው አሥራቱን በእህል ሲከፍል ሰፋሪው ትልቁን ቁና ቢያነሣ፥ የድሀው ጎተራ ጐደለ ማለት ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውም ተረት የሰፋሪን ግፍ ከሚያውቅ ሕዝብ የወጣ ይመስለናል። ስለዚህ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜትርና ኪሎ በሕግ ሲደነገጉ፥ የመጣው የባዕድ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ለሻጭም ለገዢም እኩል የሆነ ዳኛ መጣ።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለውን የአትክልት ገበያ ብንመለከት ለጅምላው ነጋዴ ሁሉም ኪሎ ነው። በየመንገዱ ዳር የተቀመጡት እናቶቻችን ግን ቃሪያውን በመደብ፥ ጎመኑን በእስር ይሸጣሉ። ኪሎ ክብደቱን ይነግረናል፤ እስር የሚለው ቃል ግን ያሠረች እጅ እንዳለች ያሳስበናል። ሚዛኑ ለፍርድ፥ ቃሉ ለዕውቀት ይጠበቅ እንላለን።

የተወደዳችሁ ወላጆቻችን ሆይ፥ የምታውቋቸውን የመስፈሪያና የመቍጠሪያ ቃላት ንገሩን። እናንተም ጓደኞቻችን፥ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ቁናው ከቤታችን ቢወጣም ስሙ ከአፋችን አይውጣ።