ከሽንፋው ሰርቨር እስከ ጎንደር ቃጠሎ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ባክአፕ ሰርቨራችን አራት ዲስክ አለው፤ እንዴት ላደራጀው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቻችሁም ይጠቅማችኋልና እዚሁ ልመልስ።

ከዓመታት በፊት ሽንፋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባክአፕ ሰርቨር ስተክል አራቱን ዲስኮች በሬይድ 5 አደራጀኋቸው። የሦስቱን ያህል ቦታ ስለሚሰጥ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ማታ የጀመረው ቅጂ ጠዋት ሠራተኛ ሲገባም አላለቀም።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሌዮቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በአንድ ውድ ትልቅ ዲስክ ፈንታ ርካሽ ትንንሾችን አቀናጅቶ መሥራት እንደሚቻል ጻፉ። ዲስክ ሲበዛ ግን ብልሽትም ይበዛል፤ ስለዚህ የጠፋውን መልሶ ለማግኘት የሚረዳ ስሌት፣ ማለትም ፓሪቲ፣ አብሮ ይቀመጥ አሉ። ይሄ ዋጋ አለው። በሬይድ 5 ትንሽ ነገር ለመጻፍ አራት ሥራ አለ፦ የድሮውን መረጃና የድሮውን ፓሪቲ ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም አድሶ መጻፍ። ዲስኮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላው ግልባጭ ሲሆን ግን ሁለቴ መጻፍ ብቻ ነው። ግዙፍ ፋይል በተከታታይ ሲጻፍ ሬይድ 5 አይሰንፍም፤ የእኛ ግን እልፍ ትንንሽ ፋይል ነበር። ወደ ሬይድ 10 ስቀይረው ቦታው የሁለት ዲስክ ያህል ብቻ ሆነ፤ ሥራው ግን ሳይነጋ አለቀ።

ደስ አለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አራቱም ዲስኮች ያሉት አንድ ክፍል፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከዚሁ ከመተማ በኩል የዘመተው የመሐዲስት ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር መጻሕፍትም ነደዱ። ሌላ ቦታ ግልባጭ ያልነበረው በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ግን አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁለት ስብስብ ይሄው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ትንንሽ ፋይል ከበዛብህ ሬይድ 10 አድርገው፤ ፋይሉ ግዙፍ ሆኖ ቦታ ከጠበበህ ፓሪቲው ይሁን። የትኛውንም ብትመርጥ አንድ ቅጂ ከከተማው ውጪ ይደር፤ አልፎ አልፎም መልሰህ እያወጣህ ሞክረው። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ቤት ሲቃጠል አያድንም።

እናንተስ፣ ሁለተኛው ቅጂያችሁ የት ነው ያለው?