የዕቃ ዋጋ ከምን ይመነጫል?

ገበያ ወጥታችሁ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከሌላው ጋር ስታነጻጽሩ፥ ይህ የረከሰው ያ የተወደደው ስለ ምን ይሆን ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ይህን ጥያቄ ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል የስኮትላንዱ አዳም ስሚዝና የእንግሊዙ ዴቪድ ሪካርዶ የታወቁ ናቸው።

ስሚዝ በ1776 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ስለ ሕዝቦች ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ፥ ውሃ ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ ሲሆን በገበያ ዋጋው ጥቂት መሆኑን፥ አልማዝ ግን ጥቅሙ እምብዛም ሳይሆን በብዙ ዕቃ እንደሚለወጥ አመለከተ። ዋጋን የሚወስነው ጥቅም ካልሆነ እንግዲህ ምንድን ነው? በጥንት አዳኞች ዘንድ፥ ቢቨር የተባለውን እንስሳ መግደል አጋዘን ከመግደል እጥፍ ድካም የሚጠይቅ ከሆነ፥ አንዱ ቢቨር በሁለት አጋዘን ሊለወጥ ይገባል ሲል ምሳሌ ሰጠ። መሬት ባለቤት ካገኘና ገንዘብ በአንዳንድ ሰዎች እጅ ከተከማቸ በኋላ ግን፥ ዋጋው ለሠራተኛው ደመወዝ፥ ለባለገንዘቡ ትርፍ፥ ለባለመሬቱ ኪራይ ሆኖ ይከፋፈላል አለ።

ሪካርዶ በ1817 ባወጣው መጽሐፍ፥ ከዚያ በኋላም ቢሆን ዋናው መለኪያ ሥራ ነው፤ መሣሪያውን ለማበጀት የፈሰሰው ድካምም አብሮ ይቆጠራል ብሎ ጻፈ። በ1815 የወጣው የእህል ሕግ የአገር ውስጡ ዋጋ ከፍ እስኪል ድረስ የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበርና፥ እህል የሚወደደው ኪራይ ስለሚከፈል ሳይሆን ኪራይ የሚከፈለው እህል ስለተወደደ ነው ሲል አስረዳ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስጨነቀው። በምድር ቤት ሦስት አራት ዓመት የተቀመጠ የወይን ጠጅ፥ ማንም ሳይደክምበት ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው ከወዴት መጣ? ሪካርዶ በ1823 ለወዳጁ ለማክ ኩሎክ በጻፈው ደብዳቤ ችግሩን አልሸሸገም። በዚያው ዓመት ሲሞትም ስለ ዋጋ የጀመረው ጽሑፍ ሳያልቅ ቀረ፤ ለኅትመት የበቃውም በ1951 ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት በመልሱ ተለያዩ። ቶማስ ሆጅስኪን በ1825፥ ሀብትን የሚያስገኘው ድካም ከሆነ ባለገንዘቡ ስለ ምን ይካፈላል ሲል ተከራከረ። ካርል ማርክስም በ1867፥ ትርፍ የሚገኘው ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ ከሚሠራው ሥራ ነው አለ። በ1871 ግን የእንግሊዙ ጄቮንስና የኦስትርያው ሜንገር ዋጋን በሰው ፍላጎት ይለኩ ጀመር፤ ውሃ የሚረክሰው ብዙ ስለሆነና አንድ ጽዋ ቢጨመር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ስለሆነ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ክርክር የሂሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። የደከመ ሰው ከድካሙ ፍሬ ስንቱ ይገባዋል የሚል የፍርድ ጥያቄም አለበት። ሪካርዶ ራሱ ባቆመው ሐሳብ ላይ የተነሣውን መቃወሚያ ሳይደብቅ እስከ ዕለተ ሞቱ መመርመሩ፥ እንዲህ ባለ ጥያቄ ለሚከራከር ሁሉ መልካም ምሳሌ ነው።