አዲስ የተሠራ ቤት ወለል አጠነካከርና አደራረቅ፦ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ቤት ለሚገነቡ

ምንነቱ

በመኖሪያ ቤት ግንባታ ከኮንክሪት ወለሉ በላይ በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ የሚሠራው ማስተካከያ ንጣፍ በግንበኞች ዘንድ «ስክሪድ» ይባላል። ላዩ ተለስልሶ ሌላ ንጣፍ ሳይደረብበት ሲያገለግል ደግሞ «ሊሾ» በመባል ይታወቃል። ሴራሚክ፣ ፒቪሲ፣ ላሚኔት ወይም ፓርኬት የሚነጠፈው በስክሪዱ ላይ ነው። በውስጡ ያለው እርጥበት ሳይወጣ ከተሸፈነ ፓርኬቱ ያብጣል፣ ፒቪሲው ይላቀቃል፣ በንጣፉ ሥር ሻጋታ ይፈጠራል። እርማቱም ንጣፉን ነቅሎ እንደገና ማንጠፍን ስለሚጠይቅ የቤቱን ባለቤት ለሁለተኛ ጊዜ ወጪ ይዳርጋል።

መጠንከርና መድረቅ

መጠንከርና መድረቅ ሁለት የተለያዩ ሂደቶች ናቸው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በመዋሐድ እንጂ በመድረቅ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ እርጥበቱን ጠብቆ መቆየት አለበት። መድረቅ የሚጀምረው ውሃ ማጠጣቱ ካበቃ በኋላ ነው።

የውሃውን መጠን ለመገመት ያህል፣ 20 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ክፍል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስክሪድ ሲሠራለት 1 ሜትር ኩብ ድብልቅ ይወስዳል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 7 ከረጢት ሲሚንቶና 175 ሊትር ውሃ ገብቷል ቢባል፣ ከሲሚንቶው ጋር የሚዋሐደው ውሃ በግምት የሲሚንቶውን ክብደት አንድ አራተኛ ያህል፣ ማለትም 90 ሊትር ገደማ ነው። ቀሪው 85 ሊትር ያህል ውሃ ቀስ በቀስ ተንኖ መውጣት ይኖርበታል።

የአካባቢው የአየር ጠባይ

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በሲቀላም ሆነ በሴቻ ፀሐይና ነፋስ የወለሉን ገጽ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያደርቁት ይችላሉ። ይህ ፈጣን ድርቀት ግን ጠቃሚ አይደለም። ገጹ ሳይጠነክር ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሲረገጥም አቧራ ይወጣዋል። ገጹ ነጥቶ ደረቅ በሚመስልበት ጊዜም ከሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ በጨንቻና በሌሎች የጋሞ ደጋማ ቦታዎች ብርዱና ጉሙ ትነቱን ያዘገያሉ። በእነዚህ ቦታዎች ለአርባ ምንጭ የተያዘውን የጊዜ ሰሌዳ እንዳለ መጠቀም አይገባም።

በአርባ ምንጭ ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው። በመሆኑም የማድረቂያው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ላይ እንዲውል ማቀድ ይመረጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ስክሪድ ከመሠራቱ በፊት ጣሪያው መልበስ፣ የግድግዳ ልስኑ መጠናቀቅና የውሃ ቧንቧዎች አለማፍሰሳቸው መረጋገጥ አለበት።

2. በቆላማው አካባቢ ሥራውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማከናወን ይመከራል።

3. ሥራው እንዳለቀና ገጹ እንደያዘ በላስቲክ ወይም በረጠበ ጆንያ ይሸፈናል። እርጥበቱ ቢያንስ ለ7 ቀናት ይጠበቃል። ጥንካሬው ቀስ እያለ በሚጨምረው ፒፒሲ ሲሚንቶ ሲሠራ ግን ከ10 እስከ 14 ቀናት ቢሆን ይመረጣል።

4. ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ መስኮቶች ቀን ቀን ይከፈታሉ፤ ማታና ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ይዘጋሉ። የሲሚንቶ ከረጢት፣ ጣውላና የሴራሚክ ካርቶን በወለሉ ላይ መከመር የለበትም፤ ከሥራቸው ያለው ወለል አይደርቅምና።

5. ለማፋጠን ሲባል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለውና ሰው የሚገድል ጋዝ ነው። በተለይ በደጋማው አካባቢ ሠራተኞችና የንብረት ጠባቂዎች በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው።

የሚያስፈልገው ጊዜ

አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቤት፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ስክሪድ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ይታሰባል። በዚህ ስሌት 4 ሴንቲ ሜትር 40 ቀናት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 50 ቀናት ይወስዳል። ውፍረቱ ከዚህ ሲበልጥ የሚያስፈልገው ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሃ ማጠጣቱ ካበቃበት ዕለት ጀምሮ ነው። ሴራሚክ እርጥበትን ከፓርኬትና ከፒቪሲ በተሻለ የሚቋቋም በመሆኑ ከእነርሱ ቀደም ብሎ ሊነጠፍ ይችላል።

የእርጥበት ፍተሻ

የቀን ስሌት ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ባለቤቱ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ፍተሻ የሚከተለው ነው። ጎንና ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ላይ ይነጠፋል፤ አራቱም ጠርዞች በፕላስተር ይታሸጋሉ፤ ለ24 ሰዓታት ይቆያል። ላስቲኩ ሲነሣ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ከታየ ወይም የወለሉ ቀለም ከጠቆረ ወለሉ አልደረቀም። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። ፍተሻው በየክፍሉ፣ በተለይም ፀሐይ በማይገባበት ማዕዘንና በመታጠቢያ ቤት አጠገብ ሊደረግ ይገባል።

ይህ ፍተሻ እርጥበት መኖሩን ያሳያል እንጂ መጠኑን አይለካም። ስለዚህ ፓርኬት ከመነጠፉ በፊት ባለሙያ በመሣሪያ እንዲለካ ማድረግ ይመረጣል። በብሪታንያ የግንባታ ደረጃ ለእንጨትና ለፒቪሲ ንጣፍ ተቀባይነት ያለው የእርጥበት ንባብ ከ75 በመቶ ያልበለጠ ነው።

የማድረቂያው ጊዜ ካለፈ ከወራት በኋላም ጠብታ መታየቱ ከቀጠለ፣ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ወይም ከቧንቧ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል መንስኤው ሳይታወቅ ወለሉ መሸፈን የለበትም።

ውልና ኃላፊነት

ከተቋራጩ ጋር በሚደረገው የጽሑፍ ውል ውስጥ የስክሪዱ ውፍረት፣ የሲሚንቶው ዓይነት፣ ውሃ የሚጠጣበት ቀን ብዛትና ንጣፍ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ቢገለጹ በኋላ የሚነሣን አለመግባባት ለመፍታት ይረዳል። የርክክብ ቀነ ገደብም የማድረቂያውን ጊዜ ያካተተ መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 እንደሚደነግገው፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራው በትክክል ለመከናወኑና ለግንባታው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በመሆኑም ስንጥቅ፣ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ወይም የንጣፍ መላቀቅ ሲታይ ጉድለቱን ከነቀኑ በፎቶግራፍ መያዝና ለተቋራጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል።

የግንባታ ፈቃድንና ቁጥጥርን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ቤቱ ለሚገነባበት ከተማ የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ። ጥያቄ አቅራቢው የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላንና ከተቋራጩ ጋር የተፈረመውን ውል ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።